በአባቴ ላይ የመሰከርኩበት ሳምንት

ባለፈው ሚያዝያ የሰፈራችን ሰዎች አባቴን ካባ ሊያለብሱት መሆኑን በስልክ ሲነግሩኝ መጀመሪያ አፌ ላይ የመጣው ስድብ ነበር። ዋጥኩት። የደወለችው ልጅ ምንም አታውቅም፤ ነገሩ ሲሆን አልተወለደችም። «ዕድሜ ልካቸውን ማኅበረሰቡን በበጎ ፈቃድ ያገለገሉ አንጋፋ የሕግ ባለሙያ» ብላ ከወረቀት ላይ አነበበችልኝና ቤተሰቡን ወክዬ ሁለት ደቂቃ እንድናገር ጠየቀችኝ። እሺ አልኳት። እሺ ያልኩት ላመሰግን አይደለም። ሃያ አንድ ዓመት ሆዴ ውስጥ ያመረቀዘ ነገር አለ፤ ሁለት ደቂቃ ካገኘሁ አፈርጠዋለሁ ብዬ ነው።

ነገሩ የሆነው በዘጠና ስድስት ዓመተ ምሕረት ነው። ዘጠኝ ዓመቴ ነበር፣ አራተኛ ክፍል። ቤታችን መቀሌ፣ ቀዳማይ ወያነ ሰፈር፣ ከገበያው ጀርባ ነው፤ ጠዋት በሩን ስንከፍት የበርበሬና የጥሬ ቆዳ ሽታ ቀድሞን ይገባል። አባቴ ፍሰሃጽዮን ጠበቃ ነው። በሥራ ሰዓት ፍርድ ቤት ይቆማል፤ ከዚያ የተረፈውን ሰው ይካፈለዋል። የእድሩ ሰብሳቢ እሱ፣ የትምህርት ቤታችን የወላጅ ኮሚቴ ጸሐፊ እሱ፣ የሰፈሩ ቦኖ ውኃ ሲጠፋ ቢሮ ለቢሮ የሚዞረው እሱ። ቅዳሜ ቅዳሜ ግቢያችን በሰው ይሞላል። ባሏ ከቤት ያስወጣት ሴት፣ አሠሪዋ «ዕቃ ሰረቀችኝ» ብላ ያሳሰረቻት የቤት ሠራተኛ፣ ከወንድሙ ጋር በእርሻ ድንበር የሚካሰስ ገበሬ፤ ሁሉም ወረቀታቸውን በፌስታል ጠቅልለው አግዳሚው ላይ ተራ ይጠብቃሉ። አባቴ በረንዳው ላይ ተቀምጦ የሁሉንም አቤቱታ በጽሕፈት መኪናው ይመታላቸዋል። በነጻ።

«የሰው ጠበቃ፣ የቤቱ ተከሳሽ!» ትለዋለች እናቴ። እናቴ እታገኝ የወልዲያ ልጅ ናት። ትግርኛውን ከገበያ ሴቶች እኩል ታወራዋለች፤ ስትቆጣ ግን በአማርኛ ነው። ስለዚህ እኔም ቁጣን የተማርኩት በአማርኛ ነው፤ ይህንንም የምጽፈው በእሱው ነው።

በዚያ ዕድሜዬም የምቆጣበት ነገር አላጣሁም። አባቴ በቮልሱ ኲሓ ወስዶኝ አውሮፕላን ሲያርፍ ሊያሳየኝ ከመስከረም ጀምሮ ቃል ገብቶልኛል። አንድ ቅዳሜ ፀጉሬን ተሠርቼ፣ የበዓል ቀሚሴን ለብሼ ቮልሱ ውስጥ ገብቼ ጠበቅሁት። አግዳሚው ላይ አሥራ አንድ ሰው ነበር፤ በመስታወቱ አሻግሬ ቆጥሬያቸዋለሁ። አባቴ አንዱን ሲጨርስ ወደ እኔ በእጁ «መጣሁ፣ መጣሁ» ይለኛል። በሰባት ሰዓት እናቴ መጥታ እያላበኝ አወጣችኝ። ከዚያ ቀን በኋላ አባቴ የሚናገረው ሁሉ ውሸት ይመስለኝ ጀመር። በኋላ በእሱ ላይ ለመሰከረችው ምስክር፣ ለእኔ፣ ይህን አስታውሱላት።

በጥር ወር አንድ ሰኞ አብራኝ የምትቀመጠው ዘቢብ ከክፍል ቀረች። ታናሽ ወንድሟን መኪና ገጭቶት መሞቱን አስተማሪያችን ነገረችን፤ ተነስተን ጸለይን። መሓሪ ይባላል፣ አምስት ዓመቱ ነበር። አውቀዋለሁ። ሲስቅ አፉን በሁለት እጁ ይሸፍናል፤ እጁ ደግሞ ሁልጊዜ በከሰል የጠቆረ ነው፣ አባቱ አያ ገብረመስቀል ሓድነት ሰፈር ውስጥ የብረት በርና መስኮት የሚበይዱ ናቸውና እሱም ከወርክሾፑ አይጠፋም። ማን እንደገጨው አስተማሪዋ አልተናገረችም። እኛም አልጠየቅንም።

ዛሬ ሁሉንም አውቃለሁ። የገጨው «ኤንትሬ» የሚባለው የድሮው የጣሊያን የጭነት መኪና ነው፤ አሸዋ ጭኖ ነበር። ሹፌሩ ቀለሙ የሃያ ሦስት ዓመት ልጅ ነው፣ ከጎጃም ከደጀን ለሥራ የመጣ፣ መቀሌ ውስጥ አንድም ዘመድ የሌለው። ፍሬን እምቢ ብሎት ነው። ልጁን ራሱ ታቅፎ ሐኪም ቤት አደረሰና ከዚያው ሄዶ ለፖሊስ እጁን ሰጠ። ይህን ሁሉ ትልልቆቹ ያውቁታል። እኔ ጋ የደረሰው ሌላ ነው።

ማክሰኞ ከሰዓት የእድራችን የነፍስ አባት ቄስ ወልደአማኑኤል ቤታችን መጡ፤ ሳሎኑ ተዘጋ። እኔ ሱዚዬን ይዤ መስኮቱ ሥር እዘላለሁ፤ እየዘለልኩም እሰማለሁ። «ማን አለው?» አሉ ቄሱ። አባቴ ዝቅ ባለ ድምፅ አንድ ነገር መለሰ። ከዚያ እናቴ ጮኸች።

«ደሙን አንተ ልትሸከም? አንተ? ነገ ይህቺን ልጅ ምን ሊሏት ነው?»

«እታገኝ፣ ስለ ማርያም ቀስ በዪ» አሉ ቄሱ።

«ቀስ አልልም! ደም ነው እኮ የምትሉት!»

መዝለሌን አቆምኩ። ግቢውን ዞር ብዬ አየሁ። ቮልሱ የለም። ከእሑድ ጀምሮ የለም። መሓሪ የሞተው እሑድ ነው። የሚቆምበት ቦታ የዘይት ጠብታ ብቻ ቀርቷል።

የጠበቃ ልጅ ነኝ፤ «ማስረጃ» የሚለውን ቃል ፊደል ሳልቆጥር ነው የማውቀው። ያን ዕለት ራት ላይ አባቴን በዓይኔ መረመርኩት። አንድ ጉርሻ ጎርሶ እጁን ታጠበ። እናቴ ሳታናግረው ሳህኑን አነሳች። ምን እንደሆነ ብጠይቃት «ሂጂ ቤት ሥራሽን ሥሪ» አለችኝ። በቃ፣ ዶሴውን ከፈትኩ።

ቮልሱ ሓድነት ጋራዥ ነበር፤ ፍሪሲዮኑ ተበልቶ። የፊቱ ፓራፋንጎ የተጨረማመተው ደግሞ ገና ከገና በፊት ነው፤ እናቴ መንዳት ልትለማመድ ብላ ከግቢያችን በር ጋር አላትማዋለች። እኔ ትምህርት ቤት ነበርኩ። ስታለቅስ አባቴ ለማንም እንደማይናገር ማለላት፣ ዘይት የተቀባ ጨርቅም ጣል አደረገበት። የቤታችን ጣጣ ይኸው ነው። አባቴ የሰውን ሁሉ ምስጢር ይጠብቃል፤ ጠብቅልኝ ያለው ሰው ግን የለም።

ወጉን ለማያውቅ ሰው ልንገር። ሳያስበውም ይሁን፣ ሰው የገደለ ሰው በሐዘንተኛው ደጅ ዝር አይልም። ዘመዱ ነው የሚሄድለት። ከሽማግሌዎች ጋር ሄዶ፣ ድንጋይ በማጅራቱ ተሸክሞ፣ ደጃፉ ላይ ይንበረከካል። አንዴ ይመልሱታል፣ ሁለቴ ይመልሱታል፤ በሦስተኛው እግዜር ካለ ድንጋዩን ያወርዱለታል። የእኛ ሰፈር ሽማግሌዎች ደግሞ አንድ ነገር አጥብቀው ይይዛሉ። ተሸካሚው «እሱ በደለ» አይልም፤ «እኔ በደልኩ» ነው የሚለው። ድንጋዩ ማጅራቱ ላይ እስካለ ድረስ በዳዩ እሱ ነው፤ «እኔ አይደለሁም» ያለ ቀን ዕርቁ ፈረሰ። ቀለሙ የሚሸከምለት ዘመድ አልነበረውም። አባቴ ዘመድ ሆነለት። ከዚያች ሳምንት በፊት ሰውየውን አይቶት አያውቅም።

ሐሙስ ከትምህርት ቤት መልስ ለዘቢብ የቤት ሥራዋን ላደርስላት ሓድነት ሄድኩ። ወርክሾፑ ተዘግቷል። ከወትሮው የብረት መቁረጫ ጩኸት ይልቅ የሚሰማው የድንኳኑ ሸራ በነፋስ ሲመታ ነው። ጥቁር የለበሱ ሴቶች አግዳሚው ላይ ተደርድረው ወደ በሩ ያያሉ። እኔም አየሁ።

አባቴ ጫማውን አውልቆ፣ ነጠላውን አደግድጎ፣ አቧራው ላይ ተንበርክኳል። ማጅራቱ ላይ የወፍጮ መጅ የሚያህል ድንጋይ አለ፤ በሁለት እጁ ይዞታል። ቄስ ወልደአማኑኤልና ሌሎች ሦስት ሽማግሌዎች ከኋላው ቆመዋል።

«በዲለኩም» አለ አባቴ። ድምፁ የፍርድ ቤት ድምፁ አልነበረም። «በዲለኩም፣ ይቕረ በሉኒ።» በድያችኋለሁ፣ ይቅር በሉኝ ማለቱ ነው።

የመሓሪ አያት አደይ ኣረጋሽ ከድንኳኑ ወጡ። «ሂዱልኝ!» አሉ። «የልጄ አፈር እንኳ አልደረቀም፣ ሂዱልኝ!» አያ ገብረመስቀል ፊታቸውን በጋቢ ሸፍነው ተቀምጠዋል፤ ቀናም አላሉ። ሽማግሌዎቹ አባቴን ብብቱን ይዘው አነሱት። ዞር ሲል አየኝ።

አየኝ፤ ምንም አላለኝም። ድንጋዩ ገና ማጅራቱ ላይ ነበርና ሊለኝ አይችልም፤ ይህን ዛሬ አውቃለሁ። ቤት ከገባ በኋላስ? እናቴ ጓዳ አስቀምጣ ማጅራቱን ቫዝሊን ስትቀባው በበሩ ቀዳዳ አየሁት። ያኔ ጠርቶ «ሳሊና፣ ያየሽው እንዲህ ነው» ሊለኝ አይችልም ነበር? ለአሥራ አንድ ሰው ሕግ ሲያስረዳ የሚውል ሰው ለአንዲት ልጁ አምስት ቃል አጣ። ልጅ ምን ይገባታል ብሎ ነው። ልጅ ሁሉም ነገር ይገባታል፤ ካልነገሯት የራሷን ትሠራለች።

የሐሙሱን ዕለት ገና አልጨረስኩም። ወደ ቤት ስመለስ በጋራዦቹ በኩል አለፍኩ። ቮልሱ አንድ ግቢ ውስጥ ቆሟል። ጨርቁ ተንሸራቶ የፊቱ ፓራፋንጎ ወጥቷል፣ ተጨራምቷል። አጥሩን ይዤ ብዙ ቆየሁ። ከዚያ ፈረድኩበት።

ዓርብ ዘቢብ ትምህርት ቤት መጣች። ፀጉሯን ላጭተዋታል። በዕረፍት ሰዓት ቧንቧው ጋ ቆመን «ማን እንደገደለው አይነግሩኝም» አለችኝ። «ስጠይቃቸው ያለቅሳሉ።»

«አባቴ ነው» አልኳት።

አየችኝ።

«በቮልሱ ነው። መኪናውን ጋራዥ ደብቆታል፣ ፊቱ ተጨራምቷል፣ ሄደሽ እዪው። ይቅር በይኝ» ብዬ እንደ አባቴ ተንበረከክሁላት። ዘቢብ ቧንቧውን ከፍታ ጠጣች፣ አፏን ጠረገች፣ ቦርሳዋን እንኳ ሳትይዝ ወጥታ ሄደች። ከዚያ ቀን ወዲያ አናግራኝ አታውቅም።

ለምን ነገርኳት? አዝኜላት ነው፤ እውነት ነው። ግን ግማሹ የአውሮፕላኑ ነው። ይህን ለማንም ነግሬ አላውቅም። ተንበርክኬ ሳለሁ ሆዴ ውስጥ አንድ ነገር «ይበለው!» ሲል በደንብ ሰምቼዋለሁ።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሽማግሌዎቹ ለሦስተኛ ጊዜ ሄዱ። በዚህኛው ዕርቁ ይወርዳል ተብሎ ነበር፤ አደይ ኣረጋሽ ራሳቸው ቅዳሜ ጠዋት «ይምጡ» ብለው ልከዋል። ቅዳሜ ከሰዓት ግን ዘቢብ ለአያቷ ነገረች። ወንዶቹ ጋራዥ ድረስ ሄደው ቮልሱን አዩት። እሑድ የሆነውን የነገሩኝ ከብዙ ዓመት በኋላ ቄስ ወልደአማኑኤል ናቸው፤ አልጋ ላይ ሆነው፣ ልሙት ልሙት ሲሉ።

አባቴ እንደተንበረከከ አያ ገብረመስቀል ከድንኳኑ ወጡ።

«ጠበቃ» አሉት። «አንድ ነገር ልጠይቅህ። ይህ ሹፌር ወንድምህ ነው?»

«አይደለም።»

«የአጎትህ ልጅ ነው? የሚስትህ ወገን ነው?»

«አይደለም።»

«ታዲያ ያለ ምክንያት ድንጋይ የሚሸከም ማን ነው? የገዛ ልጅህ ነግራናለች። መኪናህንም አይተነዋል። ይህን ድሃ በምን አታለልከው? ልጄን የገደልከው አንተ ነህ፣ ወይስ አይደለህም?»

ድንጋዩ ማጅራቱ ላይ ነው። «አይደለሁም» ካለ ዕርቁ ፈረሰ፤ ቀለሙ ዕርቅ ሳይወርድለት ችሎት ሊቀርብ፣ ፍርዱም ሊከብድበት ነው። ሦስት ሺህ አቤቱታ የጻፈ ሰው፣ ለሰው ሁሉ መልስ ያለው ሰው፣ አቧራው ላይ ሆኖ አሰበ፣ አሰበና የወጉን ቃል ደገመው። «በዲለኩም» አለ።

እነሱ ደግሞ አመነ አሉ።

አባቴ ያን ቀን ቤት ሲገባ ጋቢው ላይ ምራቅ ነበር። እኔ ተነቃበት ብዬ አሰብኩ። ፈርቼ ነበር፤ ደስም ብሎኝ ነበር። እናቴ ጋቢውን ከትከሻው ገፍፋ ባልዲ ውስጥ ስትዘፍቀው ውኃው እስከ በረንዳው ተረጨ። ማታውን አባቴ ክፍሌ ገብቶ አልጋዬ ጫፍ ላይ ተቀመጠ። ፀጉሬን ዳሰሰኝ። «ትምህርት እንዴት ነው?» ብቻ አለኝ። የነገርኩት እኔ መሆኔን በዚያች ሰዓት ያውቅ ነበር። እጁን ከፀጉሬ ላይ አስወገድኩት።

ቀለሙ ዕርቅ ሳይወርድለት ተፈረደበት፤ ስድስት ዓመት። አባቴ ያለ ክፍያ ቆሞለት ነበር፤ ያም ተጨማሪ ማስረጃ ሆነ። «የገዛውን ሰው ራሱ ይከራከርለታል!» አሉ። ፖሊስ አለ፣ የመኪናው ምርመራ አለ፣ የዓይን ምስክር አለ፤ ማን ሰምቶ? «ጠበቃ ነው፣ ወረቀት ያውቅበታል።» እድሩ በአንድ ስብሰባ ከሰብሳቢነት አወረደው። የእድሩን ደንብ ራሱ ነው የጻፈላቸው። የወላጅ ኮሚቴው ደብዳቤ እንኳ አልጻፈለትም፤ ዝም ብሎ ስብሰባ መጥራቱን አቆመ። ገበያ ውስጥ እናቴ ስታልፍ ሴቶች ወሬ ያቋርጣሉ።

ከሁሉም የሚያንገበግበኝ ግን ይህ ነው። መንገድ ላይ ሰላምታ የነሱት ሰዎች አቤቱታ ሲያስጽፉ በጓሮ በር ይመጡ ነበር! የፊቱን በር አልፈው፣ በቆሻሻው ቦይ ተሻግረው፣ አንገታቸውን ደፍተው። አባቴም ይጽፍላቸዋል። «ለምን?» ስትለው እናቴ፣ «ጉዳያቸው ትክክል ነው» ይላታል። ጉዳያቸው! በጉዳይ የሚያስብ ሰው ነው። ሰው አይታየውም ነበር፤ ወይም ሰው ብቻ ነው የሚታየው፤ እስካሁን አልለየሁትም።

እሑድ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ አንድ ሳህን ምግብ በጨርቅ አስሮ ይወጣና አመሻሽ ላይ ይመለሳል። ንስሐ የሚገባ ይመስለኝ ነበር። ምግቡን ለነዳያን እየሰጠ ኃጢአቱን ያቃልላል ብዬ። ማረሚያ ቤት ነበር የሚሄደው፣ ቀለሙ ጋ፣ ለስድስት ዓመት። የቀለሙ እናት በሦስተኛው ዓመት ደጀን ላይ ሞተች፤ መርዶውን የነገረው አባቴ ነው። ለቅሶውን ግቢው ውስጥ አብሮት ተቀመጠ።

እኔ ያ ሁሉ ዓመት ያጠናሁት ከዚያ ቤት ለመውጣት ነው። ሰው ጎበዝ ናት ይለኛል፤ ጎበዝ ሳልሆን ሸሺ ነበርኩ። ዘጠነኛ ክፍል ቃላሚኖ ስገባ፣ አዳሪ ትምህርት ቤት ነውና፣ ፍራሼን ተሸክሞ ያደረሰኝ አባቴ ነው። በሩ ላይ ሊስመኝ ሲጠጋ ፊቴን አዞርኩበት።

አሥራ ሁለተኛ ክፍል ሆኜ ለፋሲካ ቤት መጣሁ። ቀለሙ ከተፈታ ሁለት ዓመት ሆኖታል፤ እኔ ግን ስሙን እንኳ አልሰማሁም። በምን እንደጀመርን ረስቼዋለሁ፤ ለዩኒቨርሲቲ ምን ልምረጥ የሚል ነገር ነው። አባቴ «ሕግ ብታጠኚስ?» አለኝ።

«ነፍሰ ገዳይ እንዴት እንደሚያመልጥ ልማር?» አልኩት።

እናቴ በጥፊ አለችኝ። በሕይወቷ የመታችኝ ያን ቀን ብቻ ነው። አባቴ «እታገኝ፣ ቃል ገብተሻል!» እያለ ሲጮህ፣ «ቃልህን ይዘህ ገደል ግባ!» አለችውና ሁሉንም ነገረችኝ፤ ቀለሙን፣ ድንጋዩን፣ የራሷን ፓራፋንጎ፣ እኔ ለዘቢብ የነገርኩትን፣ እሱ «ልጅቷ እንዳትሰማ፣ ዕድሜዋን ሙሉ ትሸከመዋለች» ብሎ እንዳስማላት። በግ እየታረደ ነበር፤ ደሙ ግቢው ላይ ይፈሳል።

ከዚያ ወዲያ የሰፈሩን ሰው ሁሉ ልጠላ መብት አገኘሁ፤ በደንብም ጠላሁ። ቀለሙ እንደተፈታ በመጀመሪያው ሳምንት ራሱ አያ ገብረመስቀል ደጅ ሄዶ ተንበርክኮ ነበር። እኔ ነኝ የገጨሁት፣ ጠበቃው ስለ እግዚአብሔር ብሎ ነው የተሸከመልኝ አላቸው። ታረቁት፤ አገሩ ገባ። ስለዚህ ሁሉም ያውቃል። ወሬውን ለማመን አንድ ቅዳሜ በቅቷቸዋል። አባቴ ፊት መጥቶ «ተሳስተናል» ለማለት ግን ቀለሙ ከሄደ በኋላ አሥራ አምስት ዓመት ፈጀባቸው። በመሐል ጦርነት አለፈ። ያኔም አባቴ፣ ሰባ ዓመት አልፎት፣ በየመጠለያው እየዞረ ከየቀዬአቸው የተፈናቀሉ ሰዎችን ስም ሲመዘግብ ነበር።

እና አዳራሹ። ሦስት መቶ ሰው ይሆናል። አያ ገብረመስቀል በምርኩዝ ወጥተው ካባውን አለበሱት። «ይህን ሰው በድለነዋል፤ ጊዜው ነው፣ ወሬ አሳስቶን ነው» አሉ። ጭብጨባ ሆነ። ወሬ አሳስቶን! አባቴ ካባው ሰፍቶት አንገቱ ውስጥ ገብቶ ፈገግ ይላል። እኔ ተጠራሁ።

ያዘጋጀሁት ስድብ በኪሴ ነበር፣ አንድ ገጽ ተኩል። የጓሮውን በር፣ የእድሩን ስብሰባ፣ ምራቁን፣ በስም በስም ጽፌያለሁ። ማይኩን ያዝኩ። ፊት ለፊቴ አደይ ኣረጋሽ ተቀምጠዋል፤ ሰማንያ አልፏቸዋል፤ አጠገባቸው ዘቢብ። ዘቢብን ሳያት ወረቀቱ እጄ ላይ ቀረ።

«ያ ወሬ ከሰማይ አልወረደም» አልኩ። «ያወራሁት እኔ ነኝ። ለዘቢብ የነገርኳት እኔ ነኝ። አባቴ ይህን እያወቀ ዝም አለ። በዚያ ወሬ ዕርቁ የፈረሰበት ቀለሙ ስድስት ዓመት ታሰረ፣ እናቱን ሳይቀብር። እኔ እውነቱን ካወቅሁ አሥራ ሦስት ዓመቴ ነው፤ እስከዛሬ አፌን ዘግቼ እናንተን ስጠላ ነበር።»

ከዚያ አደይ ኣረጋሽ እጃቸውን ዘረጉልኝ። «ዋይ ጓለይ» አሉ፣ «ቆልዓ ኢኺ ነይርኪ።» ወይ ልጄ፣ ልጅ ነበርሽ፣ ምን ታደርጊ ማለታቸው ነው። አንዲት ሴት እልል አለች። አጨበጨቡ። አጨበጨቡልኝ! አንዳንዶቹ ተነስተው ነበር። አባቴ የቀሚሴን ጫፍ ይዞ «ተቀመጪ በቃ» ይለኛል። ለእኔ ይቅርታ አንድ ደቂቃ አልፈጀባቸውም። እኔ ነኝ የዋሸሁት። እሱ ምንም ሳያደርግ ሃያ አንድ ዓመት አስቀመጡት። ለዚህ እንባ የለኝም፤ ያለኝ ጥርስ ማፋጨት ነው። ደግሞስ በማን ፋንታ ነው ይቅር የሚሉኝ? የታሰረው ከመካከላቸው የትኛው ነው?

ቤት እንደገባን ለአባቴ «የቀለሙን ስልክ ስጠኝ» አልኩት።

«ተይው፣ ያለቀ ነገር ነው።»

«ስጠኝ አልኩህ።»

ስልኩን ከኪሱ አውጥቶ ፈልጎ ሰጠኝ። በጦርነቱ የተቋረጠው መስመር ሲመለስ ከትግራይ ውጭ ሆኖ መጀመሪያ የደወለለት ሰው ቀለሙ መሆኑን የዚያኑ ቀን ነገረኝ። በረንዳው ላይ ወጥቼ ደወልኩ።

«ጋሽ ፍሰሃ! ደህና ነዎት?» አለ አንድ ጎርናና ድምፅ።

«እሱ አይደለም። ልጁ ነኝ።»

«ምን ሆኑ?»

«ደህና ነው። ሳሊና ነኝ።»

ከጀርባው ዶሮ ይጮኻል፣ ሴት ሰው ትጠራለች። ላስረዳው ጀመርኩ፤ ትምህርት ቤት፣ ቧንቧው ጋ፣ ዘቢብ፣ ቮልሱ...

«አውቃለሁ» አለኝ። «አባትሽ የመጀመሪያው እሑድ ነው የነገሩኝ። ልጄ ናት ያበላሸችብህ፣ ስለ እሷ ይቅር በለኝ አሉኝ። እርስዎ ምን በደሉኝ፣ ራሷ ትምጣ አልኳቸው። ልጅ ናት አሉኝ። በዓመቱም ጠየቅኋቸው፤ ልጅ ናት አሉኝ። እናቴ የሞተች ጊዜም ጠየቅኋቸው። ከእስር ስወጣ መናኸሪያ ሲሸኙኝም ጠየቅኋቸው። ልጅ ናት፣ ተማሪ ናት አሉኝ።» ድምፁን አላነሳም፤ ቢጮህብኝ ይሻለኝ ነበር። «አሁን ስንት ዓመትሽ ነው?»

«ሠላሳ።»

«እንግዲያው ነይ» አለና ዘጋው።

አባቴ ከሳሎን ሆኖ ሲያዳምጥ ኖሯል። ካባውን እንደለበሰ በሩ ላይ ቆመ። «መንገዱ ጥሩ አይደለም» አለኝ። «ብቻሽንማ አትሄጂም። እኔ አብሬሽ እሄዳለሁ፣ እኔ ላናግረው፣ አንቺ እኮ ገና ል...»

«እንዳትጨርሰው!» ብዬ ጮኽኩበት።